ከመስታወቱ ቁም ሣጥን ስለ ወሰድሁት የባቄላ ጥናት

ቀን፦ ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጦሳ ግርጌ የሰብል ጥናት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

አመልካች፦ ሞላልኝ ቀለሙ፣ ገበሬ፣ ገራዶ

ጉዳዩ፦ ወ/ሪት ሰርካዲስ በእኔ ጥፋት ከሥራ እንዳትባረር፣ የባቄላው ጥናትም ለገበሬ እንዲከፈት ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የጠፋው መጽሐፍ እኔ ዘንድ ነው።

ይህን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምሁት ፊደል ስለሆነ መስመሩ ቢወላገድ ይታለፍልኝ። ፍርድ ቤት በር ላይ ላለው ራፖር ጸሐፊ ነግሬው ነበር። “አባቴ፣ ‘በስህተት ይዤው ሄድሁ’ ብለን እንጻፈው፣ ይቀልልዎታል” አለኝ። በስህተት አልያዝሁትም። ወረቀቴን ተቀብዬው ተነሣሁ።

1. በ2000 ዓ.ም. ምንይሉ የሚባል ተማሪ ከጽሕፈት ቤታችሁ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የባቄላችን ቅጠል ለምን እያበጠ እንደሚደርቅ አጠናለሁ አለ። ማሳዬን ሰጠሁት። በገመድ ከፋፍሎ፣ ችካል ቸክሎ፣ ሦስት ክረምት ተመላለሰ። ባለቤቴ የኔነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምሳውን ቋጥራ ማሳው ድረስ ታደርስለት ነበር። ሲሰናበተን “ጋሼ፣ ውጤቱ ይነገርዎታል” ብሎ ጉልበቴን ስሞ ሄደ። ልጁን አልከስም፤ ጽፎ ለእናንተ አስረክቧል።

2. የሚነግረኝ ባጣ በ2003 ዓ.ም. ራሴ መጣሁ። “ጥናቱ ለሚመለከተው አካል ተልኳል” ተባልሁ። ማሳው የእኔ፣ የታመመው ባቄላ የእኔ፤ ከእኔ ይልቅ ማንን እንደሚመለከት ጠየቅሁ። ተቀይሜ ወደ አገሬ ተመለስሁ።

3. በዚያው ዓመት የባቄላ ገለባዬን ለጎረቤቴ ለብዙዬ ሰጠኋት። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ለጋስ መባል እወድ ነበር። እሷም መርቃኝ ተሸክማ ሄደች፤ ከከብቶቿ የተረፈውንም ማሳዋ ላይ በተነችው። በዓመቱ ባቄላዋ እንደ እኔው አብጦ ደረቀ። ማሳዋ ዳር ቆማ ባገኛት፣ “የእግዜር ቁጣ ነው፣ ጋሼ” አለችኝ። እኔም “አዎ፣ ቁጣ ነው” አልኋት።

4. ባለፈው ኅዳር እንደገና መጣሁ። መጻሕፍቱን የምትይዘው ሰርካዲስ ነበረች። በቁም ሣጥኑ መስታወት ላይ “ለሠራተኛ ብቻ” የሚል ተለጥፏል። እሷ ግን አዘነችልኝ። “አባባ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እዚሁ ቁጭ ብለው አገላብጠው ይመልሱልኝ” ብላ ከፈተችልኝ። ጥናቱ የተጠረዘበት መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። ፎቶውን ግን አወቅሁት፤ የእኔ ማሳ ነው። ከኋላው አጥሩ ላይ የየኔነሽ ነጠላ ተሰጥቶ ይታያል። እሷ ራሷ በሕይወቷ አንድ ፎቶ አልተነሣችም። ስለዚህ ለገበሬው ብዬ ብቻ ወሰድሁት ብል እዋሻለሁ። ሰርካዲስ ስልክ ልታነሣ ወደ ጓዳ ስትገባ ከጋቢዬ ሥር ከተትሁት።

በእኛ ዘንድ ባለቤቱ በሌለበት ዕቃ የወሰደ ሰው መያዣ ትቶ ይሄዳል። እኔም ከሞተች ወዲህ ከኪሴ የማይለየውን የየኔነሽን የብር አምባር በመሐረብ ጠቅልዬ ከመጻሕፍቱ ኋላ አኖርሁት። ይህን ስላደረግሁ ሌባ አይደለሁም ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር።

5. ደሴ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ዘይኑልአቢዲን የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ድሮ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። “ወላሂ ሞላልኝ፣ በዚህ ዕድሜህ ሌባ ሆነህ እኔን አስተርጓሚ ታደርገኛለህ?” እያለ በየጁምዓው ከሶላት መልስ አነበበልኝ። ለካ በሽታው የሚከርመው በገለባው ላይ ኖሯል። የታመመ ማሳ ገለባ ወደ እርሻ አይመለስም፤ ማሳውም ለጥቂት ዓመት ገብስ ይዘራበታል። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ቢነግረን የሚያልቅ ነበር።

ስሜን ፈልግልኝ አልሁት። “‘ማሳ ሦስት’ ይላል እንጂ ሞላልኝ የሚባል ሰው እዚህ የለም” ብሎ ሳቀብኝ። አንገብግቦኛል፤ ግን አቤት የምለው ለዚህ አይደለም።

ይህን መልሰን ሌላ እናግኝ ብለን ኢንተርኔት ቤት ገባን። ጽሑፉ በውጭ አገር መጽሔት ወጥቷል። ርዕሱንና ጥቂት መስመር አሳየን፤ የቀረው በውጭ ባንክ ካርድ በዶላር ካልተከፈለ አይከፈትም አለ። ዘይኑልአቢዲን ነጋዴ ሆኖ እንኳ እንዲህ ያለ ካርድ የለውም። እውቀቱ ከማሳዬ ሲወጣ ማንም በር አልዘጋበትም፤ ሲመለስ ግን እዚያ ዶላር፣ እዚህ ቁልፍ ጠበቀው።

6. ለብዙዬ “ቁጣ አይደለም፣ ገለባዬ ነው” ብዬ ነግሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም። መብቷ ነው።

7. ግንቦት ላይ የንብረት ቆጠራ ሆኖ መጽሐፉ እንደ ጎደለ፣ ሰርካዲስም የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነች በመጪው ሰኞ ጉዳይዋ ታይቶ ልትሰናበት እንደምትችል ሰማሁ። ሰምቼም ዝም አልሁ። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ አገኘችኝ። ጎንበስ ብላ፣ “አባባ፣ ባቄላው እንዴት ሆነልዎ?” አለችኝ። “ደኅና ነው” ብዬ አለፍሁ። አልጠረጠረችኝም፤ ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ወደ ራፖር ጸሐፊው ሄድሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. ሰርካዲስ ነጻ ትሁን። ጥፋቷ ለሽማግሌ ማዘኗ ብቻ ነው። ቅጣቱ በእኔ ይሁን። እስራት ከሆነ ከዘር በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ካልሆነም አሁኑኑ እገባለሁ።

ለ. ጥናቱ በአማርኛ ተጽፎ፣ ዘር ሳይገባ፣ በየገበሬ ማሠልጠኛው ያለ ቁልፍ ይቀመጥ። ዘይኑልአቢዲን ያለ ክፍያ እተረጉማለሁ ብሏል። ከእንግዲህም ማሳ የሰጠ ሰው ውጤቱ በሚሰማው ቋንቋ ሳይደርሰው ጥናት ተጠናቀቀ አይባል።

ሐ. የፎቶው ገጽ አንድ ኮፒ ይሰጠኝ። ራሴ ማስነሣት እችል ነበር፤ የሰረቁትን ማባዛት ግን ሁለተኛ ስርቆት መሰለኝ።

መጽሐፉን ሰኞ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ። የማስረክበው ለሰርካዲስ ነው፣ በእጇ፣ በወንበሯ ላይ ተቀምጣ። ለሌላ ለማንም አልሰጥም፤ ለእርስዎም ቢሆን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና።

ቆጣሪዎቹ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው እንደ ቆጠሩ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ መያዣዬን አላዩትም። ሰኞ ቁም ሣጥኑ በፊትዎ ይከፈትልኝ። አምባሩ እዚያው ካለ፣ ከኅዳር ወዲህ ከእነዚያ መጻሕፍት መካከል እጁን ያስገባ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ከሌለ ክስ አላቀርብም። አላዝንም አልልም፤ የየኔነሽ ነውና። ግን አንድ ሰው ሊያነብ ፈልጎ መጽሐፍ ሲያወጣ አግኝቶት ይሆናል ብዬ እጽናናለሁ።

ከሰላምታና ከዕፍረት ጋር

ሞላልኝ ቀለሙ
(ፊርማዬ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)