ያልተረጎምኩት ማስጠንቀቂያ

እሁድ፣ ሰኔ 1። ከምሳ በኋላ

ጉሮሮዬ ደርቋል። ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ ቡራኬ ቆሜ። ቄስ ኪማኒ ዛሬም ትንፋሽ አልሰጠኝም። ከአሁን ወዲያ ቄ.ኪ. እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ሙሉ ስሙም ያደክማል። እሱ በስዋሂሊ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እኔ ከጎኑ በአማርኛ አንድ። ከመጣ ገና ዓመት ሳይሞላው የሞያሌን ኃጢአት ሁሉ አውቆ ጨርሷል።

ስማኝ፣ ማስታወሻዬ። ዛሬ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ላንተ ካልነገርኩ እፈነዳለሁ።

ስብከቱ አለቀ። ማስታወቂያ ላይ ቄ.ኪ. መነጽሩን አወለቀ። መነጽር ሲያወልቅ ደግ ነገር አይመጣም። የጌታ እራት በ15 ነው አለ። የቤ/ክ ሽማግሌዎች ወስነዋል፦ በፓንያ ዕቃ የሚያስገባ ምእመን ከዚያ በፊት ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ትቻለሁ ይበል። ያላለ፣ የእንጀራው ሳህን ያልፈዋል። እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ፓንያ የምንለው ከኬላው ጀርባ ያለውን የጓሮ መንገድ ነው። ቀረጥ የሌለበትን።

ወደ አማርኛ ወንበሮች አየሁ። በግራ፣ መስኮቱ ሥር። ወንድምጋሼ (ወ.ጋ.) ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ጌታሁን፣ ታላቄ። ሚስቱ አስቴር ከሞተች ወዲህ ቤ/ክ ረግጦ አያውቅም ነበር። የተመለሰው በፋሲካ ነው። በሞተር ሳይክሉ ከድንበሩ ማዶ ስኳርና ዘይት ያመጣል። በፓንያ። ሞያሌ በሙሉ ያውቃል፤ ቄ.ኪ. ብቻ ነው አሁን የሰማው።

ምን ብዬ ተረጎምኩ? የጌታ እራት በአሥራ አምስት ነው፤ ሁላችንም ልባችንን አዘጋጅተን እንምጣ። አበቃ።

የእኛ ወንበር በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እማማ ፀሐይማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። የስዋሂሊው ወገን ጭጭ። ዞረው አዩን። ይገርማል እንጂ! በፓንያ ይነግዳሉ የተባሉት ራሳቸው አሜን አሉ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ዓይኔን ከወ.ጋ. አሸሸሁ።

ከጸሎት በኋላ የሴቶች ማኅበር ሻይ አቀረበ። ስኳሩ ከወ.ጋ. የተገዛ ነው። ቄ.ኪ. ጥሩ አድርጎ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ጠጣ።


ሰኞ፣ ሰኔ 2

መዋዕለ ሕፃናት። ልጆቹ ኤ ቢ ሲ ይላሉ፣ እኔ መስኮት መስኮት አያለሁ። ንፋስ። አቧራው ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ሂሳቡ ይኸው ነው። ለወ.ጋ. ከነገርኩት ይቀራል። አውቀዋለሁ፤ ኩሩ ነው፤ ሰው ፊት ቀርቦ ይቅርታ ከሚል ዳግመኛ በዚያ በር ባያልፍ ይመርጣል። ካልነገርኩት ደግሞ በ15 ሳህኑ ይመጣል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ሽማግሌው ያልፈዋል። እኔም ከመድረኩ ቆሜ አየዋለሁ።

ስዋሂሊው የገበያ ነው። ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ፖሊስ መጣ። ስብከት አይገባውም። ለዚህ ነው እኔ አጠገብ ካልሆንኩ የማይመጣው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን አልሰማም። ጊዜ አለኝ።


ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ከሰዓት

የቤት ለቤት ጸሎት ዛሬ የእማማ ፀሐይ ተራ ነበር። ጠባብ ሳሎን፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን። ለወ.ጋ. ልነግረው ብዬ ቀድሜ ሄድኩ። እሱ ከኔ ቀድሞ ደርሷል።

ተራ በተራ ጸሎት ሲሆን ወ.ጋ. ድምፁን አሰማ። ከተመለሰ ለመጀመሪያ ጊዜ። አጭር ጸሎት፣ እየተንተባተበ። ቃልህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለምታደርስልን እህቴ ብርታት ስጣት አለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

እማማ ፀሐይ ሲሸኙኝ እጄን ያዙኝ። ወንድምሽን ጌታ መለሰልሽ አሉ። ተይ እንግዲህ እንዳይርቅ፣ አደራ።


ዓርብ፣ ሰኔ 6

ኦዳ ሰፈር ሄድኩ፣ ወ.ጋ. ቤት። በቁርጥ። ከበሩ ጀምሬ እነግረዋለሁ ብዬ አፌን አሟሽቼ።

ሞተሩን እያጠበ አገኘሁት። ምሳ ብዪ አለ። ባቄላ ቀቅሏል፤ ከአስቴር ወዲህ መቀቀል ብቻ ነው የሚችለው። ከዚያ ግቢ ብሎ ኮት አመጣ። የሰርጉ ኮት። አሳጥቦ አስተኩሶታል። ለ15 ነው አለ። ለብሶ ዞረልኝ። ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፣ ከስቷል።

ያምራል ወይ አለኝ። ያምራል አልኩ። ሌላ የምትዪው የለም አለኝ። የለም አልኩ።

ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ይዤ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም። ምን ዓይነት ፈሪ ነኝ? በሰው ቃል ለጉባኤ ሙሉ እናገራለሁ፣ በራሴ ቃል ለአንድ ወንድሜ አልችልም።


እሁድ፣ ሰኔ 8። ከጸሎት በኋላ

ቄ.ኪ. መነጽሩን ባወለቀ ቁጥር ማስጠንቀቂያው መጣ እላለሁ። ዓይኑን ሊጠርግ ኖሯል። ማስጠንቀቂያውን አልደገመም። ተመስገን።

ቶሎ ተመስገን አልኩ። ስወጣ ምዜ ጉዮ (ምዜ በስዋሂሊ አዛውንት ነው) በር ላይ ቆመዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፣ ቦረና፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ሁሌ ከስዋሂሊው ወገን ፊት ነው የሚቀመጡት። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። በአማርኛ መለሱልኝ! ጥርት ያለ አማርኛ፣ እኔን ሴቲቱን «አንተ» ከማለታቸው በቀር።

"አንተ፣ ባለፈው ሳምንት ደክሞህ ነበር?"

ወጣትነታቸውን ማዶ በከብት ንግድ እንዳሳለፉ ማን ነገረኝ? ማንም። እኔስ መቼ ጠየቅኩ? በዚህ ከተማ ሰው ከሚናገረው በላይ ይሰማል።

ይበቃል ለዛሬ።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ምዜ ጉዮ ቤቴ መጡ። ከጌታ እራት በፊት ሽማግሌ በየቤቱ ይዞራል፣ ደንብ ነው፤ በደህና ናችሁ ወይ፣ የተጣላችሁት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሻይ ሰጠሁ። ስኳር ይጨመር ልል ስል ዋጥኩት።

ለቄሱ አልነገርኩም አሉ። አልነግርምም። ግን በእሁዱ ሳህኑን በእናንተ ወገን የምይዘው እኔ ነኝ። ወንድምህ እጁን ሲዘረጋ እኔ ነኝ የማልፈው። እሱ ሳያውቅ ይህን አታሠራኝ።

የተቆጡ አልመሰለኝም። ያዘኑ ነው የመሰለኝ፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል። ለምን እርስዎ አይነግሩትም አልኩ፣ እንደ ሕፃን። እኔ አልደበቅኩም አሉ። ጸለዩ፣ ቆባቸውን አደረጉ፣ ሄዱ።

ልክ ናቸው። በጣም ተናድጃለሁ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የመዝሙር ልምምድ። ድምፄ ተሰበረ፤ ቀልድ መሰላቸው። ቄ.ኪ. ገባ ብሎ የእሁዱን መርሐ ግብር ነገረኝ። ማስጠንቀቂያውን ከእንጀራው በፊት ይደግመዋል። በቀስታ እናገራለሁ፣ በደንብ ተርጉሚ፣ አንዳንዶቹ የሰሙት አይመስለኝም፣ አንድም ሽማግሌዎች ጋ የመጣ የለም አለ። ፈገግ ብሎ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ይኼ ነው የሚያናድደው።

ጥግ አስያዘኝ። ወይ ነገ ወይ ቅዳሜ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። ከቀትር በኋላ

ነገርኩት።

ለነገ ቤ/ክ እያጸዳን ነበር። የሴቶች ማኅበር በሙሉ፣ መጥረጊያና ባልዲ። ወ.ጋ. በሞተር ውሃ ጭኖ መጣ፣ ቢጫ ጄሪካን ግራና ቀኝ። ሴቶቹ ምንጣፍ ሊያራግፉ ወደ ጓሮ ሲወጡ ሁለታችን ቀረን። ወንበሩን እንደ ያዝኩ ሁሉንም ነገርኩት። ፓንያን፣ ሽማግሌዎችን፣ ሳህኑን፣ እኔ ምን ብዬ እንደ ዘለልኩት።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ፣ ያኔውኑ ሰምቼዋለሁ አለ።

እንዴት አልኩ።

"የስብከት ስዋሂሊ አይገባኝም። ፓንያ፣ ቀረጥ፣ ወዮላችሁ፣ ይሄ ግን እንጀራዬ ነው። አስካሪው፣ የኬላው ፖሊስ፣ በየቀኑ የሚለኝን ቄስ ስላለው ይጠፋኛል?"

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ተገለጠልኝ። የረቡዕ ጸሎቱ። ኮቱ። ኮቱን ያሳየሁሽ እንድትነግሪኝ ነበር አለ። ሌላ የምትዪው የለም ብዬ ጠየቅኩሽ እኮ። ሽማግሌዎች ጋ መቅረቡን እችልበታለሁ፤ ስኳሩንም ለመተው እያሰብኩ ነበር። ያ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ።

ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። አስቴር ሆስፒታል ስትሞት እሱ አጠገቧ አልነበረም። ፓንያ ላይ ነበር፣ ዕቃ ጭኖ። ይህን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። በቀብሯ ላይ የቀድሞው ቄስ የተናገረው፣ እኔ የተረጎምኩለት አንድ ቃል አለ አለኝ። አስቴር ብቻዋን አልሞተችም፣ ጌታ እጇን ይዞ ነበር። በዚያች ቃል ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት፤ ወደዚህም የመለሰችኝ እሷ ናት። አሁን ግን አንቺ እንደምትቀንሺ አየሁ። የሚቀንስ ይጨምራልና፣ ያች ቃል የማን ናት? የቄሱ ወይስ ያንቺ?

መልስ ሳልሰጥ ሴቶቹ ምንጣፉን ይዘው ገቡ። ተነሥቶ ጄሪካኖቹን አወረደ። ነገ ትነግሪኛለሽ ብሎ ሄደ።

የማን እንደሆነች አውቃለሁ። ቄሱ ያን ቀን አፈር ነን ወደ አፈር እንመለሳለን ብሎ ነበር ያቆመው። ንፋስ ነበር፣ ችኩል ነበር። ወ.ጋ. ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አፌ ያችን ቃል ከራሱ ጨምሮ ቀጠለ።


እሁድ፣ ሰኔ 15። ጠዋት

መልበስ አለብኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዛሬ ቃል በቃል። ቢያንቀኝም።


እሁድ፣ ከጸሎት በኋላ

ቄ.ኪ. እንዳለው በቀስታ ተናገረ። እኔም በቀስታ። ፓንያ አልኩ። ሽማግሌዎች አልኩ። ሳህኑ ያልፈዋል አልኩ። ከእኛ ወንበር አሜን ያለ የለም። እማማ ፀሐይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ለካ የእሳቸውም የወንድም ልጅ አለበት።

ወ.ጋ. ኮቱን ለብሶ መጥቷል። ምዜ ጉዮ ሳህኑን ይዘው ከፊት ወንበር ጀመሩ። ቀስ እያሉ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሲያልፉት ማየት አልፈለግኩም፣ ግን አየሁ። አላለፉትም። እሱ ራሱ ቀድሞ ራሱን ነቀነቀ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለና ለጎረቤቱ አሳለፈ። ምዜ ጉዮ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ለኔ ሲመጣ እኔም አልወሰድኩም። ቄ.ኪ. ገርሞት አየኝ። ይጠይቀኝ፤ ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ እነግረዋለሁ።

ወ.ጋ. ውጭ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰው ወደ ሻይ ይሄዳል፣ እኛ ቆመናል። ቃሏ የኔ ናት አልኩት። ቄሱ አላላትም።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ በወደድኩ።

አንቺስ ሆስፒታል ነበርሽ ወይ አለኝ። አልነበርኩም አልኩ። ማንም አልነበረም ማለት ነው አለ። ማንም አልነበረም። ታዲያ ጌታ እጇን መያዙን በምን አወቅሽ?

ለሰው ሲሆን ቃል የማይጠፋኝ ሴትዮ፣ ላይ ታች ብፈልግ አንድ አጣሁ። ጠበቀኝ። እውነቱን ነው የምለው፣ ጠበቀኝ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አጥፎ ኮርቻው ላይ አደረገና ሞተሩን አስነሣ።

አሁን ቤት ነኝ። ምሳ አልበላሁም፣ አልችልም። ያችን ቃል አምናታለሁ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ። አዎ። ያን ቀን ያልኩት እሱን ለማባበል ብቻ አልነበረም፣ አምኜ ነው። በምን እንዳወቅኩ ግን አላውቅም። አላውቅም ማለትም መልስ ከሆነ እሱኑ እነግረዋለሁ።

ቦዳ ጠርቻለሁ። ኦዳ ልሄድ ነው። ዛሬ የምተረጉምለት ቄስ የለም፤ የምለው ሁሉ የራሴ ነው።