የእማማ ጥሩ ዱቄት

ሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ለተፈናቃዮች ዱቄት መግዣ የተፈቀደው የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ለሚመጣው ሰው ሁሉ አልበቃ ስላለ፣ ዛሬ "እያጣራችሁ ስጡ" ተባልን። ዱቄት የማድለው እኔ ነኝና ማጣራቱም እኔው ላይ ወደቀ።

እማማ ጥሩ የሚባሉ እናት ተራቸው ሲደርስ አንድ ተሰላፊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እኚህ እዚሁ አጠገባችን የዘንገና ሰው ናቸው፤ ወንድማቸውን አውቀዋለሁ" አለኝ። ከመተከል ተፈናቅዬ መጣሁ ነበር ያሉኝ። ጠረጠርኳቸው።

"እማማ፣ የት ነው የተወለዱት?" አልኳቸው በአዊኛ።

"ዘንገና" አሉ ሳይደብቁ። "አግብቼ መተከል ሄድኩ። ቤቴ ሲቃጠል ተመለስኩ።"

"ታዲያ ወንድምዎ ጋ ለምን አያርፉም?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ያባታችንን መሬት ልትካፈለኝ ነው የመጣች ብሎ በሩን ዘጋብኝ።"

ዱቄቱን ሰጠኋቸው፤ ልቤ ግን አላመነም። ፈጥረው ነግረውኝ ቢሆንስ?

አመሻሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጡ። ከዚያው ተሰላፊ ሰምተው የመጡ የእማማ ጥሩ ወንድም ናቸው። እህታቸው የት እንዳደሩ፣ ምን እንደበሉ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም።

"ስለ መሬቱ ምን አለች?" አሉኝ።

ምንም አላሉም ብዬ ዋሸሁ። ሸኝቻቸው ስመለስ ግን፣ እውነትም እማማ ጥሩ ለመሬቱ ብለው ይሆን እንዴ የመጡት እያልኩ ነበር...