የጋጋሪው መኪና ጉልበት የጠፋበት ሰሞን

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ያ የግራ ትከሻሽ አሁንስ ልብስ ለማስጣት ይነሳልሻል ወይስ ገና ነው? እማማ ጥርሷን ካስነቀለች ወዲህ ጠንከር ያለ ነገር ትበላለች? ባልሽስ ከዚያ ሳል ተገላገለ? መንትዮቹ በላክሽው ፎቶ ላይ ቁመታቸው በሩን ሊያክል ነው፤ ምንድን ነው የምታበያቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ ጤና አለ። ሰሞኑን ግን ያየሁት ነገር አለ። በዕለት ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር፤ ባነበብኩት ቁጥር እየገረመኝ ስለተቸገርኩ ላንቺ ልገልብጠው ብዬ ተቀመጥኩ።

እንደምታውቂው የምሸጠው ያገለገለ የመኪና ዕቃ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሱቄ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ከእኔ ሱፐርቻርጀር ገዛ። ምን እንደሆነ ላስረዳሽ፤ አየር ጨምቆ ሞተር ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ሞተሩ በጎማ ቀበቶ፣ እኛ ቺንጋ በምንለው፣ ያዞረዋል፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን እንደ ወናፍ እየነፋ ጉልበት ይሰጠዋል። ጋጋሪው የሟች አባቱን መኪና ስምንት ዓመት በትርፍ ሰዓቱ ሲጠግን ኖሮ የቀረው ይህ ዕቃ ብቻ ነበር። "ካልሠራ መልሰህ አምጣው፣ ቃሌ ነው" አልኩት። በእኛ መደዳ እንዲህ የሚል ነጋዴ የለም። እኔ ደንበኛ የማገኘው በዚህችው ቃል ነው።

በሳምንቱ ተመለሰ። መኪናዋ ዳገት ላይ ነፍስ የላትም። የግፊት ማሳያው ቀስት መጀመሪያ ብድግ ይልና ሞተሩ ሲፈጥን መልሶ ይወርዳል። "እህቴ፣ የሸጥሽልኝ የሞተ ነው" አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጎማና ቺንጋ የሚሸጠው ጎረቤቴ ከደጁ ሆኖ "ቃልሽ እያነከሰ ተመለሰ እንዴ?" ሲል መደዳው ሁሉ ሳቀ። ዕቃውን መልሼ መውሰዱስ አልከበደኝም። የከበደኝ "የሞተ ዕቃ ሸጠች" መባሉ ነው። ያ ስም አንዴ ከወጣብኝ ሱቄን መዝጋት ነው።

ስለዚህ መኪናዋን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድናት። ችኩል ሰው ስለማይወዱ "ቀስ በሉ" እንላቸዋለን። እሳቸው ጋ የሞተር ኮምፒውተር የሚያስተካክል አንድ ሰውዬ ቀድሞን ላፕቶፑን ሰክቶ "ነዳጁን በአየሩ ልክ ልቀንሰው፣ ቢያንስ አይንተፋተፍም" ይላል። ቀስ በሉ እጃቸውን እየጠረጉ፣ "አንተ፣ ሰው ሲከሳ ሱሪውን ታጠብበታለህ ወይስ ምን ነካህ ትለዋለህ? ዝጋው ይሄን!" አሉት።

ከዚያ የአየሩን መግቢያ ደፍነው በቱቦ ጭስ ነፉበት። ቀዳዳ ካለ ጭሱ ያሳብቃል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን በየመገጣጠሚያው ዓይናችንን ተከልን። በአንዱም አልወጣም። ትርፍ አየር የሚመልሰውን ክዳን ፈትተው በጣታቸው ገፉት፤ ደህና ይዘጋል። ሱፐርቻርጀሩን በእጃቸው አዞሩት፤ ኮሽ ሳይል ዞረ። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ቀጥለው ጋጋሪውን ዳገቱን ወጥቶ እንዲመለስ አዘዙት። ሞተሩን እንዳጠፋ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሱፐርቻርጀሩ ላይ ቺንጋው በሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ በፑሊው፣ አጠገብ መዳፋቸውን ዘረጉ። "ይሄ ከሌሎቹ ተለይቶ ይፋጃል። ቺንጋው እየተንሸራተተበት ነው።"

"ኧረ ቺንጋው አዲስ ነው!" አለ ጋጋሪው።

ቀስ በሉ ፑሊውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን አሸተቱ፣ ቀና ብለው አዩኝና ጨርቁን ሰጡኝ። አሸተትኩት። እታለም፣ የገዛ ሱቄ ሽታ ነው! ማንኛውንም ዕቃ መደርደሪያ ላይ ከማውጣቴ በፊት የምቀባው ማብለጭለጫ ቅባት። ያን ፑሊ ደግሞ የቺንጋው ጥርስ የሚገባባቸውን መስመሮች ሳይቀር በጥርስ ብሩሽ ቀብቼው ነበር። ያን ሁሉ ብረትና ኮምፒውተር አልፈው በአፍንጫቸው እኔ ጋ ደረሱ።

ጋጋሪው ገና አልገባውም። ኮምፒውተረኛው "ቺንጋው ጥራት የሌለው ይሆናል" አለ። አዎ ብል ያልፍልኝ ነበር፤ ቺንጋውን የሸጠለት ያ መደዳውን ያሳቀብኝ ጎረቤቴ ነው። ነጋዴ ነኝና ይሄን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ቀስ በሉ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መፍቻ ይፈልጋሉ። ሊናገሩብኝም ሊሸፍኑልኝም አልፈለጉም።

"የእኔ ጥፋት ነው፤ ማብለጭለጫ ቀብቼው ነው ቺንጋው የሚንሸራተተው" አልኩ።

ጋጋሪው አፍጥጦ አየኝ። "ሳምንት ሙሉ ዳገት ላይ ያስለቀሰኝ ውበት ነው በይኛ!" ብሎ ሳቀ።

ፑሊውን በአልኮል አጥበን፣ ቺንጋውም ቅባቱን ስለጠጣ ሌላ አስገባንበት። ቀስ በሉ ወደ ኮምፒውተረኛው ዞረው "አሁን ክፈተው፤ ነዳጁን በአየሩ ልክ አስተካክል" አሉት። ሲጨርስ ከጋጋሪው ጎን ተቀምጬ ወጣን። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ነዳጁን ረገጠው። ቀስቱ ወጣ፣ ወጣ፣ እዚያው ጸና፤ ሞተሩም አገሳ። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፤ ቤቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ያን ሁሉ ክብደት ሽቅብ የሚወረውረው ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው! ስንት ዓመት ስሸጠው ኖሬ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጋጋሪው ዳገቱ ጫፍ አቆመና "ይሄን ድምፅ አባቴ ከሞተ ወዲህ አልሰማሁትም" ብሎ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

ስመለስ ደጄ ላይ ቆሜ ለመደዳው ሁሉ የሆነውን ተናገርኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው። ጎረቤቴ ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ሱቁ ገባ፤ አጮልቄ ሳይ ጨርቅ ይዞ የሚሸጣቸውን ቺንጋዎች አንድ በአንድ ይጠርጋል። ለካ እሱም ማብለጭለጫ ይቀባቸዋል!

እማማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ባልሽን ሳሉ ሳይለቀው ሥራ እንዳይገባ ተቆጪልኝ። መንትዮቹን አንዱን ካንዱ ሳታስበልጪ እቀፊልኝ። አንቺም ትከሻሽን አሳርፊው።

እህትሽ
ከመለዋወጫ ሱቄ፣ ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን