ከመክተፊያው የተለየው ቢላዋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 12፡50

ቆጮውን ጨምቄ እንደገና ከተፍኩ። ሁለተኛ ዙር። ቃጫው አሁንም አለ። አውራ ጣቴን ቆርጫለሁ፤ ያወቅሁት ሊጡ ላይ ደም ሳይ ነው። የነካውን ቆርሼ ጣልኩ፣ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ጋገርኩ። ጣቴ አላመመኝም።

አባዬ፦ ሦስት ጉርሻ። አራተኛው ላይ ረጅም ቃጫ ከአፉ መዘዘና የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተኛው። እጁን ሰበሰበ። በቃኝ። ሻይ፣ ግማሽ ብርጭቆ።

ይኸው፣ አጀንዳዬ፣ እንደ በሽተኛ ካርድ እየሞላሁህ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ነርስ ሆኜ ሌላ አጻጻፍ ከየት አመጣለሁ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ስንት ሰዓት ተኛ። የራሴን የሚሞላ ደግሞ የለም።

ባጃጁ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ጤና ጣቢያ ተረኛ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ማታ 1፡00

ደሳለኝ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሌሞ፣ ገጠር፣ በአባታችን ቤት የሚኖሩት እሱና ሚስቱ ታደለች ናቸው። አባዬ እየበላ ነው ወይ አለኝ። በደንብ አልኩት። ስዋሽ ድምፄ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

እማዬ ነሐሴ ላይ ከተቀበረች ወዲህ እንዲህ ነኝ። ቀብር ላይ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ሲስተር ጠንካራ ናት አለ። ጥንካሬ አይደለም። ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ነው፣ ብትነክሰውም አታውቀው።

ለምን እንደምዋሽ ላንተ ልጻፍ፤ አንተ ወሬ አታወጣም። የአርባዋ ማግሥት ዕቃዋን ስንለይ፣ ዘመድ ሁሉ በተቀመጠበት፣ ታደለችን ክፉ ተናገርኳት። እናቴ ከስታ ነው የሞተችው፣ ማን ነበር የሚያበላት አልኩ። እማዬን ስድስት ወር ሙሉ ያገላበጠቻት እሷ ናት። እኔ እሁድ እሁድ ሙዝ ይዤ የምሄድ እንግዳ ነበርኩ። ታደለች ጓዳ ገባች፣ የእማዬን ቢላዋ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ አመጣች፣ እጄ ላይ አኖረችው። እኔም በዚያው ቀን አባዬን ይዤው ወደ ሆሳዕና መጣሁ። እኔ ጋ ይበላል ብዬ። ያውም ሰው ፊት ብዬ።

አሁን እኔ ጋ እየከሳ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 8፡00

አዳሬ ሥራ ላይ ነበር፣ ዛሬ ዕረፍት ነኝ። አባዬ ተኝቷል። ቢላዋውን መስኮት አጠገብ አወጣሁትና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት።

የቀጥቃጭ ሥራ ነው፤ እማዬ ስትዳር ይዛው የመጣችው። ስትነግረን ድሮ የመዳፍ ስፋት ነበረው። አሁን ሁለት ጣት አይሞላም። ስለቱ ቀጥ ያለ አይደለም። ጫፉና ግርጌው ተበልቷል፣ መሀሉ እንደ ሆድ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ጀርባው ላይ የድንጋይ ምት አለ፤ አጥንት ለመስበር በድንጋይ ትመታው ነበር። እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ በላዩ የጎማ ቁራጭ። ጎማው ላይ የአውራ ጣቷ ቦታ ጎድጉዷል። ጣቴን አስገባሁ። አልገጠመም። እሷ ግራኝ ነበረች፤ ጉድጓዱ ያለው ለእኔ በማይጠቅመኝ በኩል ነው።

የእኔ መክተፊያ ፕላስቲክ ነው፣ ዝርግ። ቢላዋውን ሳሳርፍበት መሀሉ ብቻ ይነካል፤ ጫፍና ግርጌው አየር ላይ ይቀራል። ይወዛወዛል። አርጅቷል፣ ሌላ ምን ይሆናል። ከገበያ አዲስ ገዝቼ ነበር፤ የእሱም ነገር ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ሁለት ቀን ሠርቶ ጎበጠ።

አባዬ ሲነሳ ምን እያየሽ ነው አለኝ። ምንም አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 12፡40

የአባዬን ቀበቶ በቢላዋው ጫፍ በሳሁት። እዚህ ከመጣ ሁለተኛው ቀዳዳ። ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ።

የቅዳሜና የእሁዱን ልመዝግብ። እንጀራ፦ አንድ ቁራሽ። ገንፎ፦ ሁለት ማንኪያ። ትናንት አተካና ሠራሁለት፤ ቡላ በቅቤና በወተት፣ የመስቀል ምግባችን። ዘንድሮ መስቀልን አላከበርንም፣ በኀዘን አለፈ። አባዬ ቀመሰና የማን በዓል ነው አለኝ። ሳህኑን አነሳሁ። እሱ የሚጠይቀው ቆጮ ብቻ ነው። ቆጮውን ሳቀርብለት ደግሞ ቃጫው ጥርስ በሌለው ድዱ ላይ እየተጠመጠመ ያስተወዋል።

ብርቄ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ በጁስ መፍጫ ሞክሪው ብላኝ ነበር። ሞከርኩ። ቃጫው ምላጩ ላይ ተጠመጠመ፣ ሞተሩ ሸተተ፣ ቆጣሪው ዘለለና ቤቱ ጨለመ። አባዬ ከሳሎን ምን ተቃጠለ አለ። ድሮ ቢሆን መሬት ላይ ተቀምጬ እስቅ ነበር። ቆጣሪውን መለስኩ፣ ምላጩን አጠብኩ፣ ሥራ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከቀኑ 10፡00

የምጽፈው ከጤና ጣቢያ ነው፣ መርፌ ክፍል ሆኜ።

አንዲት እናት ከገጠር መጣች፣ ልጇን አዝላ። የክንዱን ውፍረት በመለኪያው ጥብጣብ ለካሁ፤ ቀይ ላይ ነው፣ ክፉኛ ከስቷል። ካርዱን እየሞላሁ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ ማን ነው የሚያበላው አልኳት። ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። እኔ ነኝ ሲስተር አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እሰጠዋለሁ፣ እምቢ ይላል።»

እስክሪብቶው ቆመብኝ። የጠየቅሁበትን ድምፅ አወቅሁት። በአርባዋ ማግሥት ታደለችን የተናገርኩበት ነው። ቃሉም ያው ነው።

ለሴትየዋ ወንበር ሰጠኋት። ልጁን ራሴ ይዤ በትንሽ በትንሹ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየኋት፣ እሷ የማታውቀው ይመስል። ስትወጣ ተባረኪ አለችኝ። ምርቃቱ ምንም አላደረገኝም። ግን ታደለች ያን ቀን ጓዳ ስትገባ ነጠላዋን እንዴት ወደ ፊቷ እንደሳበችው ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት አስታውሼው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ማታ 12፡30

ለታደለች ደወልኩላት። ለደሳለኝ አይደለም፣ ለራሷ።

ሰላምታው ረዘመ። ከብቱ፣ ገብሱ፣ ልጆቹ። ከዚያ አባዬ አይበላም አልኩ። ለደሳለኝ የነገርኩት ውሸት ነው አልኩ። ከበስተኋላዋ ዶሮ ይሰማል። እማዬ ቆጮውን እንዴት ነበር የምትከትፈው ብዬ ጠየቅኋት። ምን ላይ ነው የምትከትፊው አለችኝ። ፕላስቲክ ላይ። እህ አለች። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሊጡን ጨምቀሽ ጠብቂኝ አለችኝ።

የዚያን ቀኑን ነገር አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ማታ 12፡15

ነገ ታደለች ናት። ቤት ጠርጌ ወለሉን ወለወልኩ፣ የአባዬን አንሶላ ቀየርኩ። ቢላዋውን ሳየው አፈርኩ። ዶልዱሟል፣ ጠርዙ ላይ ዝገት ጀምሯል። ሰጥቻት ይህን አደረገችው ብትልስ። ስለዚህ ከሥራ መልስ ብየዳ ቤት ወሰድኩት።

እጀታውን እንዳትነካው አልኩት ሰውየውን። ሦስት ጊዜ ነገርኩት። እሺ ሲስተር። አዲስ እንጨት ልግጠምልሽ፣ ይሄ ጎማ አያምርም አለ። አይሆንም አልኩ። ግራይንደሩን አስነሳ፣ ብልጭታው ወጣ፣ እኔ ዓይኔን ከእጀታው ላይ አልነቀልኩም። ሲሰጠኝ ስለቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። ሆድ የሚባል የለም። ጠማማ ነበር፣ አቃናሁልሽ አለኝ፣ በሥራው ደስ ብሎት። ፀጉር ይላጫል።

አመሰገንኩት። እጀታው ደህና ነው። አንድ ነገር በሥርዓቱ ሠራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 9፡00

ምንም በሥርዓቱ አልሠራሁም።

ታደለች አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። እስከ አስፋልት በጋሪ፣ ከዚያ በባጃጅ። ጀርባዋ ላይ በማዳበሪያ የታሰረ ከባድ ነገር ተሸክማለች። ሻይ ሳትጠጣ ፈታችው። የእማዬ መክተፊያ ነው። ዕቃ ስንለይ ማገዶ መስሎኝ ዘልዬው ነበር።

መሀሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ያን ጊዜ ገባኝ። ቢላዋውና መክተፊያው አንዱ በአንዱ ነው ያለቁት። ሆዱ ጉድጓዱ ውስጥ እየገባ፣ ጫፍና ግርጌውን የጉድጓዱ ዳር እየበላው፣ ዕድሜ ልክ። ያረጀ መስሎኝ የነበረው የገጠመ ነበር።

ቢላዋውን አምጪ አለች። ሰጠኋት። ጉድጓዱ ላይ አቆመችው። ከዳር እስከ ዳር ተንጋሎ ቀረ። በሥሩ ጣቷን አሳለፈች። ወደ እኔ ዞረች። ምነው በሰደበችኝ።

አስሳልኩት አልኩ። አንቺ ስለምትመጪ።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አርባ ዓመት የፈጀ ነገር፣ በአንድ ሻይ ማፍያ ጊዜ። ጥፋቴን ቆሜ አየሁት፣ የሌላ ሰው ጥፋት እንደሚታይ።

አባዬ ከመኝታ ቤት መጣ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ማን ነው ሳይል መክተፊያውን በመዳፉ አገኘው። ጉድጓዱን ዞረበት፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቢላዋውን ተቀበለና ስለቱን በጥፍሩ ሞከረ። የሆነውን ለመረዳት ከእኔ ያነሰ ጊዜ ፈጀበት። በሀዲይኛ፣ ገልብጡት አለ።

መክተፊያውን ገለበጥነው። ጀርባው ዝርግ ነው፣ በጭስ ጠቁሯል፣ የመጥረቢያው ጠባሳ እንኳ አልጠፋም። የጋብቻቸው ዓመት አባዬ ራሱ ከዋንዛ ጠርቦ የሰጣት ነው። ለሁለት ፊት ነው የጠረብኩት አለ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ብዬ። እሷ አንዱን ሳትጨርስ አለቀች።

ታደለች ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ሊጡን አቀረበች። ቀጥ ያለ ስለት፣ ዝርግ እንጨት፤ ይነካል። ከታች ባዶ ስለሆነ ድምፁ ከበድ ያለ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል። ለአንድ ደቂቃ ከከተፈች በኋላ ሰጠችኝ። አሥር ጊዜ መትቼ የበቃው መስሎኝ ቀና አልኩ። ገና ነው አለች። ሌላ ገና ነው። እማዬ መቁጠሪያ ጸሎቷን እስክትጨርስ ትከትፍ ነበር አለች። እኔ ለካ እስካሁን የከተፍኩት አንድ አባታችን ሆይ አይሞላም ነበር።

አዲሱ ስለት ፕላስተሩን አልፎ እዚያው ጣቴ ላይ አረፈ።

አባዬ፦ ግማሽ ሳህን። ቃጫ፣ ሁለት።

እሁድ፣ ጥቅምት 16። ከቀኑ 6፡00

ታደለች አደረች። ሦስታችንም ቅዳሴ ሄደን መጣን።

ጠዋት ጓዳ ውስጥ፣ እሷ ስትከትፍ እኔ ስጨምቅ፣ ተናገርኩ። በአርባዋ ማግሥት ያልኩሽ ነውር ነው አልኩ። አየሁት፣ አባዬ እኔም ጋ አይበላም፣ እኔም ሰጥቼው እምቢ ይለኛል። ቢላዋው አልቆመም። እማዬ እጇ ቢላዋ መያዝ ሲያቅተው የማንንም ቆጮ አልበላም ብላ ነበር አለችኝ ታደለች። ሦስቴ እየከተፍኩ አቀርብላት ነበር፣ ቀምሳ ትተወዋለች። ያን ቀን ስትናገሪኝ እውነት መሰለኝ፣ ያልበላችው በእኔ ነው ብዬ ነበር። ይህን የነገረችኝ ዓይኗን ከሊጡ ሳታነሳ ነው።

ይቅር በይኝ አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አለች።

ከዚያ ሊጡን ስጨምቅ ኮምጣጣው ውሃ ፕላስተሩ ሥር ገባ። አቃጠለኝ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እጄን አንስቼ አየሁት። ጣቴ ነው። አመመኝ። እስከ ክርኔ ድረስ አመመኝ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ለእማዬ። ታደለች ዞር አላለችም። ከተፋዋን ቀጠለች፣ ድምፁ ይሸፍነኝ ብላ ይመስለኛል።

አባዬ አምስት ሰዓት ላይ በላ። ሳህኑን ጨረሰ። ቃጫዎቹን አንድ በአንድ እየመዘዘ ጠርዙ ላይ ደረደረ፣ ሰባት ናቸው፣ ግን እጁን አልሰበሰበም። ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሰባት አልኩት። ምንም አይደል አለ። እናትሽም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ ነበር የምታበላኝ፤ ስለቱ ቀጥ ያለ፣ እንጨቱ ዝርግ። አልነገርኳትም። ያኔ ጥርስ ነበረኝ።

ቢላዋውን ሁለተኛ ብየዳ ቤት አልወስደውም። በቤት ድንጋይ ይሳላል፣ መብላት ያለበትን መክተፊያው ይብላው። ለደሳለኝ ማታ ደውዬ የዋሸሁትን እነግረዋለሁ። ታደለች መክተፊያውን ትታልኝ ልትሄድ ነው፤ አባዬ ወደ ሌሞ ሲመለስ ግን መክተፊያውም ቢላዋውም አብረውት ይመለሳሉ። ይህን ወስኛለሁ። እስከዚያ የቢላዋውን ሆድ…

ታደለች ተራሽ ነው አለችኝ። እጄን ልታጠብና ልክተፍ።