የእማዬ የጓሮ በር

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ይሄ ጫማ ይገድለኛል። ጥቁር፣ ሹል፣ ጠባብ። ቅዳሜ ቬሮናን እጇን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማስገባት እኔ ነኝና፣ "አጎቴ፣ ከአሁኑ ካላለማመድከው በሠርጌ ቀን ታነክሳለህ" ብላ አዘዘች። ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ጎረቤቴ ጋሊማ በአጥር አጮልቃ፣ "ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?"

"ሚስት ፈልጊልኝ እንጂ ጫማው ዝግጁ ነው።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ቬሮና እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠች። "አባቴን ልጠራው ነው።"

አባቷ... ወንድሜ ሌስሊ። ጡት ሳትጥል ጥሏት የሄደው። በአፓርታይድ ዘመን የመንግሥት ሰዎች ዘሩን ሊለዩ ፀጉሩ ውስጥ እርሳስ ሰኩ፣ ፀጉሩ ለስላሳ ነውና ተንሸራቶ ወደቀ፣ "ነጭ" የሚል መታወቂያ ሰጡት። (እኔ ብሄድ ኖሮ እርሳሱ እስከ ዛሬ አናቴ ላይ ነበር።) ከዚያ ወዲያ ክልስ ዘመድ አላውቅም አለ። እማዬ ናፍቆት ሲያንገበግባት የልብስ ጥቅል ተሸክማ የእሱን የጓሮ በር ታንኳኳ ነበር። ነጭ ጎረቤቶቹ እንዳያውቁበት፣ አጣቢ መስላ። የገዛ ልጇን ለማየት!

"ዘመኑ ተለውጧል አጎቴ። ሁላችንም ድምፅ ሰጠን። አሁን አንድ አገር ነን እኮ።"

"አገሩ አንድ ይሁን። እኔ ቤት ሲመጣ ግን በጓሮ ያንኳኳ። እንደ እማዬ።"

"እንደሱ ብዬ ልንገረው?"

"ንገሪው!"

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ታክሲ ይዛ ኬፕታውንን ተሻግራ አባቷ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

"ሰማኝና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።"

ምን ጠብቃ ነበር? አልጠየቅኳትም። ጫማዬን አጥልቄ እንደ ዳክዬ ተራመድኩላት። ሳቀች። ቆይታ ደግሞ፦

"ቢመጣስ? ማን ነው እጄን የሚይዘው?"

"ጫማውን ያለማመደው!"

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ሬዲዮው ይቅር ተባባሉ ይላል፣ ጠዋት ማታ። ማንም ሳይጠይቀኝ ይቅርታዬን ለማን ልስጠው? ኪሴ ውስጥ ይዤው ልዙር?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ቤቱ ከጠዋቱ ሞላ። ጋሊማ የጠበሰችው ጣፋጭ ሊጥ ላይ ኮኮናት እየነሰነሰች ሕፃናቱን ታባርራለች። ቬሮና ቀሚሷን ለብሳ... ምን ልበል፣ እማዬን መሰለችኝ።

በጓሮ በኩል ያለው የወጥ ቤቱ በር ተንኳኳ። በሰፈራችን ያን በር የሚያንኳኳ የለም፤ ጋሊማ ራሷ ገፍታው ነው የምትገባው።

ከፈትኩ። ሌስሊ። ሸብቷል። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በአንሶላ የታሰረ የልብስ ጥቅል ትከሻው ላይ። ጥቅሉን እኔ አላዘዝኩም... በሩን ብቻ ነበር ያልኩት።

"የታጠበ ልብስ አምጥቻለሁ" አለ። የእማዬ ቃል።

ብዙ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። የት ገባ?

"በእኛ ቤት እንግዳ በጓሮ አይገባም" አልኩት። "ጥቅሉን ወዲህ በል። ዞረህ በፊት ለፊት ና፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየህ። እንዳትሮጥ ደግሞ፣ ቀስ ብለህ።"

ሁለት እርምጃ ሄደና ዞር አለ። "ቬሮናስ... ማን ነው የሚያስገባት?"

"ቀኝ እጇ የኔ ነው፤ አልለቅም። ግራው ባዶ ነው።"