ያልጠጣኸው ወተት

ከድሬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። ሰው ሁሉ ታገሺ፣ ሶብር አድርጊ ይለኛል። አድርጌ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አለቀብኝ። እህትህን በጥፊ መታኋት፣ አንተ ትሠራበት የነበረው ድንጋይ መቁረጫ ቤት ገብቼም ማሽን ሰበርኩ። ከሌላ ከምትሰማ እኔው ልንገርህ።

ቤታችን ያው ቀራንዮ ነው። በቡጢ የሰነጠቅከውን በር አላስጠገንኩትም። ጠዋት ጠዋት ጣቶችህ አብጠው ሸሚዝህን መቆለፍ ሲያቅትህ፣ በዚያው በማይታጠፍ እጅህ በሩን ትደበድበው ነበር። አንድ ቀን እኔንም ገፈተርከኝና ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጋጨሁ። ከዚያ ቁጭ ብለህ እየሳልክ አለቀስክ። ያን ቀን ጠልቼህ ነበር፤ አሁን በሩን እንኳ መጥላት አቃተኝ።

ወተቱን ታስታውሳለህ። አየር ጤና እብነ በረድና ግራናይት ስትቆርጡ ትውሉና፣ መውጫ ላይ ለእያንዳንዳችሁ ግማሽ ሊትር የላስቲክ ወተት ይሰጧችኋል። አቧራውን ያጥባል ተብሎ። ማስክ የለም፣ የድንጋዩን አቧራ የሚያበርድ ውሃ የለም፤ ወተቱ ግን ቀርቶ አያውቅም። ሁላችሁም አምናችሁበት ነበር፣ እኔም ጭምር። አንተ ድርሻህን ሳትከፍት በጃኬትህ ኪስ ይዘህ እየመጣህ ለልጃችን ለፋጡማ ትሰጣት ነበር። አንተ ጠጣው ስልህ፣ እኔ ምን እሆናለሁ ትለኛለህ። ልጅቷ ከስታ ነበርና ደግሜ አልለምንህም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ፋጡማ ምግብ አልበላም አለች። ወተት ስሰጣት ኩባያውን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ስጮህባት ተናገረች። ለካ እህትህ ዘይነባ «የአባትሽን መድኃኒት ጠጥተሽ ጨረስሽበት» ብላታለች። ለስድስት ዓመት ልጅ!

ወዲያው ታክሲ ይዤ ቤቷ፣ ቤቴል ሄድኩ። ዘይነባ በሩን ስትከፍት ሰላም እንኳ ሳልላት መታኋት። እሷም በሻሼ ጎተተችኝ፤ ጎረቤት ነው የገላገለን። ከንፈሯ ደማ። ሁለታችንም የምንጮኸው ያንተን ስም ነበር።

የተቆጣሁት ግን ዋሸች ብዬ አይደለም። እውነቷን መስሎኝ ነው። ከእሷ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ያከመህ ዶክተር ጋ ገባሁና፣ ወተቱን ጠጥቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መነጽሩን አወለቀ። ወተት ሆድ እንጂ ሳንባ አይገባም አለኝ። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባህን ከማቁሰሉ ሌላ የሰውነትህን በሽታ መከላከያ በራስህ ላይ አስነስቶት እንደሚሆን፣ መገጣጠሚያዎችህ እያበጡ ይነዱ የነበረው ከዚያ ሊሆን እንደሚችል አስረዳኝ። ድንጋዩ በውሃ እየራሰ ቢቆረጥ፣ ደህና ማስክ ቢኖር አደጋው በጣም ይቀንስ ነበር። ወተቱ ግን ምንም አያደርግም።

በማግስቱ አየር ጤና ሄድኩ። ጓደኞችህ እስከ ቅንድባቸው ነጭ ሆነው ይቆርጣሉ። ያንተ ማሽን የመቁረጫ ዲስክ ሊቀየርለት ቆሟል። ፎርማኑ አላህ ይዘንለት ሊለኝ ሲጀምር መዶሻ አነሳሁ። እጄ እስኪላጥ ሞተሩን ቀጠቀጥኩት፤ ፍንጣሪ ግንባሬን ቀደደኝ። ከጎንህ ይቆርጥ የነበረው ሙላት ወገቤን ይዞ ባያነሳኝ ፎርማኑንም አልምረውም ነበር። ወተቱ ውሸት መሆኑን ጮኼ ነገርኳቸው። አንዱ እየሳለ ሳቀ። ሙላት አልሳቀም፤ ጓንቱን አውልቆ ጣለና ከእኔ ጋር ወጣ። ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ የሚመጣውን እቀበላለሁ።

ቤት ገብቼ ፋጡማን አስቀመጥኳት። ወተቱ መድኃኒት አልነበረም፣ አባትሽን አንቺ አልጎዳሽውም አልኳት። ግንባሬ ላይ ያለውን ደም በጣቷ ነካች።

«አባቢ ግን መድኃኒት መስሎት ነበር?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ፣ ከድሬ። መዶሻው ያላወጣልኝ ለቅሶ ያኔ ወጣ። እሷም አብራኝ አለቀሰች፤ ከዚያ እንጀራ ስጪኝ አለችና በላች።

ከዱዓዬ አላወጣህም። ያሠሩህን ሰዎችም አልረሳም፣ ይቅርም አልላቸውም። ፋጡማ ስታድግ ደግሞ ያን ቀን ያቃተኝን መልስ እሰጣታለሁ። ወተቱ ተራ ወተት ነበር። አንተ ግን ዕድሜህን የምትሰጣት መስሎህ ነው የሰጠሃት።

ሰሚራ