ደም ከበዛልሽማ

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30
ጫማው ዛሬም እምቢ አለ። በነጠላ ጫማ ልሄድ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጆች መምህራቸውን አይተው ይሳቁ። ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር የለኝም፤ እግሬ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኗል። ስምንት ወር አልፎኛል። አማቴ እማ ሐዋ የእርጉዝ እግር ማበጡ ወግ ነው፣ ሲወልዱ ይጎድላል ይላሉ። ይሁን።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት
ጤ/ጣቢያ ሄጄ መጣሁ። ነርሷ እግሬን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷ ተነሳ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ግፊቴን በክንዴ ለካች፣ ደገመች። ፊቷን አልወደድኩትም። ደም ብዛት አለሽ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ መካነ ሰላም ሆስፒታል ሂጂ፣ እስክትወልጂም ከዚያ አትራቂ አለችኝ።

ቤት ገብቼ ለእማ ሐዋ ደም ብዛት አለሽ ተባልኩ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! ደም ከበዛልሽማ ምን ትፈሪያለሽ?»

ልጃቸው ፋጡማ የሞተችው በወሊድ፣ ደሟ ፈስሶ አልቆ ነው። ለሳቸው ደም የበዛላት ሴት ከሞት ተርፋለች። ለጎረቤት ሊያበስሩ ወጡ።

ማረም ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ የልጅ ስህተት በቀይ የማርም ሰው፣ እዚህ ላይ አፌ ተሳሰረ። እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ
ቀለበቴ በሳሙናም አልወጣ አለ። ዓይኔ ሥርም አብጧል። ባለቤቴ ሰዒድ ከጅዳ ደወለ፤ ስልኩን እናቱ ቀድመው አነሱት፤ ያንኑ የምሥራች ነገሩት። ደስ አለው። እንግዲያው ሆስፒታል ምን ያደርግልሻል፣ በእማዬ እጅ ውለጂ አለኝ። እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ እሺ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ፣ 5 ሰዓት
ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት «ሀ» ሁለት ሆኖ ታየኝ። ራሴን ሊፈልጠው ነው። ልጆቹን ለጎረቤት ክፍል መምህር ትቼ ቤት ገባሁ።

ለእማ ሐዋ ነገርኳቸው። ደም ብዛት ማለት ደም መትረፍረፍ አይደለም፣ በሽታ ነው፣ እናትንም ልጅንም ይገድላል። የያዙትን ሰፌድ አስቀምጠው ተቀመጡ። ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው አሉ። አራት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ወረደ።

«ፋጡማም ደም ሲፈሳት ዝም ብላኝ ነበር። እንዳልደነግጥ ብላ።»

ይኼን ብለው፣ ጫማ እንኳ በቅጡ ሳያደርጉ፣ መኪና ሊያስቆሙ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ሰዒድን ማንም አልጠየቀውም፤ አይጠየቅምም። ልብሴን በፌስታል አድርጌ በር ላይ ተቀምጫለሁ። እጄ አብጦ እስክርቢቶው አልያዝ ይለኛል።

አንድ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። አሁን ደንግጠዋል፣ መኪና ውስጥ ረጋ ሲሉ እነግራቸዋለሁ።

አይ። እየመጡ ነው፤ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።